ግማሽ የተሠራ ራስ

ልጅ ሳለሁ የበደለችኝ ሴት እትዬ በለጡ ትባል ነበር። ያኔ አንቱ እላት ነበር፤ ዛሬ እሷ ከሞተችበት ዕድሜ አልፌ ስለሄድኩ አንቺ ብላት የሚከሰኝ የለም። ክፉ ሴት አልነበረችም። እንዲያውም አቃቂ በሰቃ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ባለው በእኛ ግቢ፣ እንደ እሷ ፀጉር የሚሠራ፣ እንደ እሷም ተረት የሚያወራ አልነበረም። የበደለችኝም በሁለቱ ነው።

ሥራዋና ተረቷ አብረው ነበር የሚሄዱት። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በዓል ሲመጣም በዋዜማው፣ አመሻሹ ላይ በሯ ደፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። ከሰሉ ከፊቷ ይፍማል፤ ኩራዟ ከመስኮቱ ላይ ሆና ግድግዳውን በጥላሸት ታጠቁራለች፤ የቅቤው ጣሳ እንዲለሰልስ ከፍሙ ጠጋ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ አንዷን ልጅ በጉልበቶቿ መካከል ሻጥ ታደርግና ፀጉሯን በሚዶ እየከፈለች «ተረት ተረት» ትላለች፤ እኛም ዙሪያዋን ተኮልኩለን «የላም በረት» እንላለን። አንድ ጉንጉን ባለቀ ቁጥር ተረቱም ትንሽ ይራመዳል። ልጅቷ ከተነቃነቀች ግን የሴትዮዋ እጅም አፍም ይቆማል፤ ያኔ የተነቃነቀችውን የምንቆጣት እኛው ነበርን፣ ተረቱ ይቋረጥብናላ! ዛሬ ሳስበው ብልሃቷ ይገርመኛል። ስድስት ዘበኛ በነፃ አቁማ ነበር የምትሠራው።

እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ጥጥ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ትገባለች፤ አባቴ ከባቡሩ ጋር ድሬዳዋ ይመላለሳል። ስለዚህ ትንሿ እህቴ ፀዳለ የእኔ ሸክም ነበረች። ሁለት ዓመት አልፏት ሦስት አልሞላትም፤ ቁንጥንጥ ናት፤ ራሷን የነኳት እንደሆነ እንደ እርጥብ ሳሙና ከእጅ ታመልጣለች።

የከተራ ዋዜማ ነበር። እናቴ ወደ ሥራ ስትወጣ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ሰጠችኝና «ጠዋት ስመለስ ፀዳለ ተሠርታ ላግኛት፤ ታቦት ሲወጣ ጨብራራ ልጅ ይዤ ከሰው ፊት አልቆምም» አለችኝ። ወሰድኳት።

እትዬ በለጡ አየቻትና፣ «ይቺን እባብ ማን ይይዝልኛል?» አለች።

«እኔ እይዛታለሁ፣ እትዬ።»

«በይ አጥብቀሽ ያዢ። ለጥምቀት ያልሆነ ሹሩባ ይበጣጠስ!» ብላ ጀመረች።

የዚያን ዕለት ተረት የጅብ ነበር። ጅብ ሠርግ ተጠራና «እንዲህ ተንጨባርሬ ከሰው መሐል እንዴት እገባለሁ?» ብሎ ጋማውን እንድትሠራለት ጦጣን ለመናት። ጦጣም «እሠራሃለሁ፤ ሳልጨርስ ከተነሣህ ግን አለቀልህ» አለችው። ከዛፍ ሥር አስቀምጣ ወሬ እያወራችለት ጋማውን ከዛፉ ሥር ጋር አብራ ጎነጎነችው፤ እሱ ምኑንም አላወቀም። እኛ ትንፋሻችንን ውጠን እናዳምጣለን። ፀዳለ እንኳ ዝም አለች። ግራ ራሷ አለቀ፤ ስምንት ቀጫጭን ጉንጉን፣ በክር የተለካ የሚመስል። እትዬ በለጡ ወደ ቀኙ ዞረች።

«ከሠርጉ ቤት የሥጋ ሽታ መጣ፤ ጅብ ሆዬ ብድግ ሊል ሲል…» አለችና፣ የጅቡን አነሣሥ ልታሳየን ብላ፣ በእጇ የያዘችውን የፀዳለን ፀጉር ላጥ አድርጋ ሳበችው።

ፀዳለ ጮኸች። በእግሯ ስትራገጥ የቅቤው ጣሳ ፍሙ ላይ ተገለበጠ፤ እሳቱ ቦግ አለ፤ ጭሱ ዓይናችንን ደፈነው። ጭሱ ሲገለጥ የእትዬ በለጡ ጣት ወደ እኔ ተቀስሯል።

«ይቺ ናት! አንድ ራስ መያዝ ያቃታት! አያችኋት ይቺን እጅ? ደረቅ እጅ ናት፤ ራስ ከነካች ፀጉር ታረግፋለች። ሁለተኛ ደጄ እንዳላይሽ!»

«እትዬ፣ የሳቡት እኮ እርስዎ ነዎት» አልኩ።

«ምላሷ ግን አልደረቀም!» ብላ ኩራዟን አንሥታ ገባች። ተረቱም አብሯት ገባ።

ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ ስድብ ይመስለዋል። በእኛ ዘንድ ግን ለፀጉር የሚስማማ እጅ አለ፤ የማይስማማም አለ። የማይስማማ ነው የተባለች ሴት የሰው ራስ አትነካም፤ ስሙ ከወጣላት እስክታረጅ ይከተላታል። ይህንንም ለማየት ብዙ አልቆየሁም። ጎረቤታችን አስካለ ማታ ማታ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ጨቅላዋን ለእኔ ትሰጠኝ ነበር። የዚያን ዕለት ልቀበላት እጄን ብዘረጋ ልጇን አዙራ አዘለችው። «ዛሬስ አልከበደኝም» አለች፤ ዓይኗ ግን ከእጄ ላይ አልተነሣም። ልጆቹማ እስከ መኝታ ድረስ «ደረቅ እጅ!» ሲሉኝ አመሹ።

ከዚያ ወዲህ በዚህ እጅ ስንት ራስ እንደሠራሁ እኔም አላውቀው። ከልጆቼ መካከል መላጣ የሆነው ወንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከአባቱ ነው ያመጣው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው የልጅ ልጄ ልጇን ስትሠራ ስልክ ታስይዛታለች። አልዋሽም፣ ልጅቷ ዝም ትላለች። እኔ ዘንድ ስትመጣ ግን ስልኩን እቀማትና የጅቡን እነግራታለሁ። ትቅነዘነዛለች፣ ትነክሰኛለች፤ የሥጋው ሽታ ላይ ስደርስ ግን ጆሮዋ ይቆማል። እኔም እዚያች ቦታ ላይ እጄን ላላ አደርጋለሁ። ከእትዬ በለጡ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ልታስተምረኝ ብላ ባይሆንም። የተረቱን መጨረሻ አልነገረችኝም፤ እኔም ኮርቼ አልጠየቅኋትም፤ ጫፉን እንደያዘች መቃብር ገባች። እኔ የማወራው መጨረሻ የራሴ ነው። ጅቡ ጋማውን ከዛፉ ሥር ገንጥሎ፣ ግማሽ ራሱን ተመልጦ ሠርግ ይገባል። ይህን መጨረሻ ያወጣሁት ያኔ፣ ቅቤው በተደፋ በነጋታው ጠዋት ነበር።

በነጋታው ገና ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። ፀዳለ ተኝታለች፤ ግራዋ የንግሥት ራስ፣ ቀኟ የእብድ። እናቴ ከፈረቃዋ ልትገባ ነው። ቀኙን ብቻ ብሠራ ጊዜው ይበቃኝ ነበር። ግን ሰው ሁሉ ግራውን እያየ እትዬ በለጡን ሊያመሰግን፣ ቀኙን እያየ ደረቅ እጅ ሊል አይደል? ሚዶውን፣ ከቅጠሉ ላይ የቀረችውንም ቅቤ ያዝኩና ፀዳለን ሴቶቹ ወረፋ ወደሚይዙበት ወደ ቧንቧው ወሰድኳት። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በጉልበቶቼ መካከል ሻጥ አደረግኋት። እትዬ በለጡ ሻሿን እያሰረች በሯ ላይ ቆማለች።

አስካለ ባልዲዋን አስቀምጣ፣ «አንቺ ልጅ፣ ምን ልትሆኚ ነው?» አለችኝ።

ከግራው ጀመርኩ። በክር የተለኩ የሚመስሉትን የእትዬ በለጡን ስምንት ጉንጉኖች አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ከዚያ ሚዶውን አነሣሁና፣ እትዬ በለጡ በር ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «ተረት ተረት» አልኩ።