ቀትር ላይ የመሸብን ጎረቤታሞች

መጀመሪያ ፊደሉ ደበዘዘ። እሑድ ነበር፤ ሰባት ሰዓት ገደማ። ከመርሐቤቴ የመጣልኝን ደብዳቤ ሳነብ መስመሮቹ አንድ በአንድ ጠፉብኝ። ቀና ስል ክፍሉ ጨልሟል። በሩ ግን ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፤ የዱብቲ ሙቀትም ፊቴን ይለበልበኛል። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ የዳና ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ መሸ እንዴ?»

አንድ ሰው ሲጨልምበት ታመመ ይባላል። ሁለት ሰው ባንዴ ሲጨልምበትስ?

የምንኖረው በጥጥ እርሻው ካምፕ፣ ባንድ ቆርቆሮ ሥር በተከፈሉ ሦስት ክፍሎች ነበር። እኔ የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ነኝ፤ ዳና ከወላይታ የመጣ ጥጥ ለቃሚ ነው፤ ዓሊ ደግሞ አባቱ የመናዊ የሆነ፣ ድሬዳዋ ያደገ ትራክተር ነጂ ሲሆን ከሚስቱ ከዘሃራ ጋር ይኖራል። ከሰላምታ በቀር አንተዋወቅም። ሥጋችን አይገናኝ፣ በዓላችን አይገናኝ። የሚያገናኘን ውኃ ብቻ ነበር። ከእኔ በላይ ብልኅ የለም ባይ ነበርኩና ባዶ በርሜል ከግምጃ ቤት አምጥቼ በረንዳው ላይ ለሦስታችንም አቆምኩ። ያን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞላነው።

ላብ አጠመቀኝ። ምራቄ ይዝረበረባል። የዓይኔ ቆብ ብቻውን ይርገበገባል። ደረቴ ጠበበ። ዓሊ ደጃፌ ላይ ቆሞ ጥላ መስሎ ታየኝ።

«ፀሐይዋ እኮ አናታችን ላይ ናት» አለ።

እሱ ደህና ነው። ዘሃራም ደህና ናት። ዳና፣ እነሱ አንድ ነገር አድርገውብን ነው ብሎ አንሾካሾከ፤ እኔም አመንኩት። ዓሊ ሊያነሣኝ ሲል እጁን ነከስኩት። እሱ ግን ሁለታችንንም ተሸክሞ ትራክተሩ ተሳቢ ላይ ጭኖ ሐኪም ቤት አደረሰን።

እሑድ ስለሆነ ሐኪሙ ተፈልጎ እስኪመጣ አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። በባትሪ ዓይናችንን አይቶ፣ ብሌናችሁ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል አለ። ምን እንደጠጣን ጠየቀ። ውኃ። ከምን የተቀዳ? ከበርሜል። የምን በርሜል? የጥጥ ትል መርዝ የነበረበት፣ እኔ በአመድና በሳሙና ሦስቴ ያጠብኩት።

«ኦርጋኖፎስፌት ነው። በሳሙና አይለቅም። ሌላ ማን ጠጣ?»

ረመዳን ነበር። ዓሊና ዘሃራ ጾመኞች ናቸው። ውኃ የሚቀምሱት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ዓሊ «ዘሃራ» ብቻ ብሎ ወጣ።

የመርዙን ማርከሻ፣ አትሮፒን ወጉኝ። ለእኔ ከቀትር ጀምሮ ሌሊት ነው። ለመምሸቱ ስንት እንደቀረ አላውቅም። የትራክተሩ ድምፅ ራቀ። ጠፋ። ከዚያ አዛን ተሰማ። ዓሊ ገና መንገድ ላይ ነበር።

በማግሥቱ፣ ከመድኃኒቱ የተነሣ አፌ ክው ብሎ ደርቆ ብርሃኑ ጥቂት በጥቂት ሲመለስልኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት ፊት የዓሊ ነበር፤ ዘሃራ በቴምር ብቻ አፍጥራ፣ በጾም አንጀቱ ሲንከራተት የዋለ ባሏን ቀድማ መጠጣት ስላላስቻላት፣ የቀዳችውን ውኃ ሳትቀምስ እንደጠበቀችው ነገረኝ። ስለ ጥርጣሬዬም ስለ ንክሻዬም እያፈርኩ ይቅርታ ጠየቅሁት።

«እኛም ጠጥተን ቢሆን ማን ይነዳ ነበር?» አለኝ።

ዐሥር ቀን ስንተኛ ዘሃራ ለእኔና ለዳና ያለ ሥጋ የሠራችውን ሾርባ ታመጣልን ነበር፤ እኛም የማን ልጅ እንደሆነች፣ ማን እንደናፈቃት የጠየቅናት ያን ጊዜ ነው።

እንደ እኔ በእርሻ ካምፕ የምትኖሩ፣ የመርዝ በርሜል አትጠቡ፤ ቂጡን ብሱት። ቀን ከጨለመባችሁ ጎረቤት ሳትጠረጥሩ ወደ ሐኪም ሩጡ። እኔን ያዳነኝ አትሮፒን ነው፤ ተመስገን። ዘሃራ ያን ውኃ ጠጥታ ቢሆን ኖሮ ግን የተመለሰልኝ ዓይን ዓሊን ቀና ብሎ አያይም ነበር።