ከእማየ ሚሞሪ ላይ ያጠፋሁት

ይህ የደረሰብኝ ዓምና ክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ ነው። ሰው ሲያዝን ያለቅሳል፣ ሲናደድ ይጮኻል። እኔ ያኔ አንዱንም አላደረግሁም። ዛሬም ሳስታውሰው ምንም እንዳልተሰማኝ ነው የማስታውሰው፤ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ወገዳ ከተማ የኮምፒዩተር መምህር ነኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ፣ ከገጠር መጥታ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ታላቅ እህቴ ጥሩዬ አረብ አገር ከሄደች ስድስት ዓመት አልፏታል። እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት። በፊት በየሁለት ወሩ ለእማየ የድምፅ መልእክት ትልክላት ነበር። የእማየ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ መልእክቱ የሚመጣው በእኔ ስልክ ነው። እኔም ከፍቼ እሰጣትና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

አንድ መስከረም ላይ መልእክቱ ቆመ። ስልኳም አልሠራ አለ። የላካትን ደላላ ጠየቅን፣ አብረዋት የሄዱትን ልጆች ጠየቅን። አየኋት የሚል ሰው አልተገኘም።

እማየ እጅ ላይ የቀሩት ሃያ ሰባት መልእክቶች ናቸው። እንደመጡ እየወሰድኩ እሷ ስልክ ውስጥ ባለው ሚሞሪ ካርድ ላይ አስቀምጥላት ነበር። በኋላ የእኔ ስልክ መናኸሪያ ላይ ተሰረቀና የቀረን ያ ካርድ ብቻ ሆነ። እማየ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሃያ ሰባቱንም አንድ ሳታስቀር ትሰማለች። እኔ በዚያን ሰዓት ወጣ እላለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ባሕር ዳር የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ሲሠራባት የቆየችውን ትንሽ ኮምፒዩተር በርካሽ ለቀቀልኝ። መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ሽፋን እንኳ የሌላት አረንጓዴ ቦርድ ናት። ቴሌቪዥን ላይ ትሰካለች፣ በስልክ ቻርጀር ትሠራለች። ለሰው የምናገረው ተምሬባት ተማሪዎቼን ላስተምር ነው እያልኩ ነበር። ትምህርት ቤታችን ካሉት ኮምፒዩተሮች የማይሠሩት ስለሚበዙ ሰውም ያምነኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ቤት ውስጥ ካለው ዝምታ የምሸሽበት ነገር ፈልጌ ነው።

ቦርዷ የራሷ ዲስክ የላትም። የምትነሳው ፕሮግራሟ ከተጫነበት ሚሞሪ ካርድ ነው። ፕሮግራሙን ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጥቶኛል፤ ካርዱ ግን የለኝም። ሚሞሪ የሚሸጠው፣ ዘፈንና መዝሙርም የሚጭነው ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ስሙን ቀይሬዋለሁ።

«አልቋል ቲቸር። ቅዳሜ ከደብረ ታቦር ዕቃ ይገባልኛል» አለኝ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ሦስት ቀን መታገሥ አቃተኝ። የእማየ ካርድ አሥራ ስድስት ጊጋ እንደሆነ አውቃለሁ። እስከ እሑድ አውሽኝ አልኳት። ስልኳን አገላበጠችና «አደራ» ብላ አውጥታ ሰጠችኝ።

ካርዱን በትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ ከፈትኩት። የጥሩዬን ፎልደር ኮፒ አድርጌ ላፕቶፑ ላይ አስቀመጥኩ። ገና ከመጀመሩ አለቀ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ከዚያ ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ የቦርዷን ፕሮግራም ጫንኩበት።

ሐሙስ አንዲት ቀይ አምፖል በሁለት ሽቦ ከቦርዷ ጋር አገናኘሁና አሥር መስመር ያህል ትእዛዝ ጻፍኩላት። በራች፣ ጠፋች፣ በራች። እንደ ልጅ ነው የፈነጠዝኩት። እማየን ጠርቼ አሳየኋት። «እሰይ፣ እንኳን ሆነልህ» አለችኝ፤ ምን እንደሆነልኝ ባይገባትም።

ቅዳሜ አዲስ ካርድ ገዝቼ መጣሁ። የጥሩዬን ድምፅ ልመልስበት ላፕቶፑን ስከፍት ፎልደሩ አልከፈት አለ። መጠኑን አየሁት፤ ከባዶ አይሻልም። ሾርትከት ነበር፤ ካርዱ ላይ ከላፕቶፑ ቫይረስ ተጋብቶበት ኖሯል። ፍላሽና ሚሞሪ ከቤት ቤት በሚዞርበት አገራችን ይህን ቫይረስ የማያውቅ የለም፤ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በቦታው የሚመስለውን ስም ብቻ ያስቀምጣል። እኔም ስሙን ኮፒ አድርጌ ድምፁን አጥፍቻለሁ። ይህንኑ ቫይረስ ለዘጠነኛ ክፍል የማስተምረው እኔ ነኝ። ቶሎ ካለቀ ተጠራጠሩ እላቸዋለሁ።

ምንም አልሆንኩም። የጠፋ የሚመልስ ፕሮግራም ሞከርኩ፤ ያወጣልኝ የተቆራረጠ መዝሙር ነው። ምን እንዲያደርግልኝ እንደፈለግሁ ሳላውቅ ተመልሼ ሰይድ ዘንድ ሄድኩና ነገርኩት።

ሰይድ ገበያተኛ የሞላበትን ሱቅ ተወት አድርጎ ወደ ጓዳ አስገባኝ። ፊቱ ተለዋውጧል።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ ብትቀየመኝም ተቀየመኝ» አለ። «ሰው ሚሞሪ ሲያስጭነኝ እኔም በላዩ ያለውን ለራሴ እገለብጣለሁ። አዲስ ዘፈን የማገኘው እንዲያ ነው። አንዳንዴ የሰው ገመናም አብሮ ይመጣል። እናትህ ለዓምናው ፋሲካ መዝሙር ያስጫኑ ጊዜ የእህትህም ድምፅ መጥቶ ነበር። አንዱን ከፈትኩና የእናትና የልጅ ነገር ሲሆን አፈርኩ፣ ተውኩት። መሰረዝ ግን አልሆነልኝም።»

ይህ ቢሰማ ማንም ካርዱን አይሰጠውም፤ እንጀራው ይዘጋል። ይህን እያወቀ ነው የነገረኝ። ልቆጣው ይገባኝ ነበር፣ ወይም እግሩ ላይ ልወድቅ። እኔ ግን «እሺ» ብቻ ነው ያልኩት። እሱ በአዲሱ ካርድ ላይ ገለበጠልኝና ዋጋ አልቀበልም አለ። ይህን እንድጽፍም የፈቀደልኝ ራሱ ነው፤ ልማዱን ትቶታል።

የተገኙት ሃያ አራት ናቸው። ከዚያ ፋሲካ በኋላ እስከ መስከረም የመጡት ሦስቱ፣ የመጨረሻዎቹ፣ የሉም። ምን ይሉ እንደነበር ላስታውስ ሞከርኩ። አንድ ቃል አልመጣልኝም።

እሑድ ካርዱን ስልኳ ውስጥ ከትቼ ሰጠኋት። ያን ቀን አልወጣሁም። ሃያ አራተኛው ሲያልቅ ስልኩ ዝም አለ። እማየ ጠበቀች።

«ሦስቱ ቀሩ» አለች።

«እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው።»

«ለዚያች መብራት ብለህ?»

«አዎ።»

አልተራገመችም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ «ይኸ የኔ ድምጥስ ይቀዳል?» አለችኝ።

«ይቀዳል።»

«በል እንግዲያ ቅዳኝ።»

ስልኬን አውጥቼ ያዝኩላት። ዓይኗን ጨፍና የጠፉትን ሦስት መልእክቶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ አለቻቸው። የጥሩዬን ድምፅ ልምሰል አላለችም። ጥሩዬ የሳለችበት ቦታ ሲደርስ «እዚህ ላይ ሳለች» ትላለች፣ ዝም ያለችበት ቦታ ሲደርስ ዝም ትላለች። የመጨረሻው እንዲህ ነበር፦

«እማየ፣ እኔ ነኝ። ደኅና ነኝ፣ አታስቢ። የምሠራበትን ቤት ልቀይር ነው። አዲሲቱ ሴትዮ ስልክ ትቀማለች ይላሉ። ወንድሜን ሦስት ቀን ደወልኩለት፣ አያነሳም። የምገባበትን ቤት አድራሻ ላስጽፈው ነበር። ስልኩን ያንሳ በይው፣ እማየ።»

ቀረጻውን አቆምኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ነግሬህ ነበር» አለች። «እሺ ብለኸኝ ነበር።»

ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር ስለመባሌ እስከ ዛሬ ትዝ አይለኝም። መስከረም ነበር፣ ምዝገባ ላይ ነበርኩ፣ ያኔ ለማንም እሺ እል ነበር። እማየ ግን ያን ቃል በየሳምንቱ እየሰማች፣ አንድም ቀን መልሳ አላነሳችብኝም።

አሁን ካርዱ ላይ ሃያ አራት የጥሩዬ፣ ሦስት የእማየ ድምፅ አለ። እሑድ እሑድ አብረን እንሰማለን። ቦርዷን ለትምህርት ቤቱ ሰጥቻለሁ፤ ተማሪዎች ወደዋታል ይሉኛል። እስካሁን አላለቀስኩም። የተጸጸተ ሰው ምን እንደሚሰማው እጠብቃለሁ፤ አልመጣም።

የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ክፍል ውስጥም ብሆን አነሳለሁ። ሁልጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ሰዎቹ ይቅርታ ጠይቀው እስኪዘጉ ድረስ ግን እኔ አልዘጋም።