አፈር ስሆን

ወይዘሮ አሰፋሽ በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ፣ ክላርክስተን የገቡት ልጃቸው ሄራን ከአፈር እንድትርቅ ነበር። ሄራን ግን ጭራሽ ዶክትሬቷን በአፈር ያዘች። የበሰበሰ ቅጠል ካርበን ስንቱ አፈር ውስጥ እንደሚቀር፣ ስንቱ ወደ አየር እንደሚሄድ ስትለካ ስድስት ዓመት ፈጀች። እናቷ «ልጄ ዶክተር ናት» ይላሉ፤ የምን ሲባሉ ወሬ ይቀይራሉ።

በምረቃዋ ድግስ ላይ ሄራን ሁለቴ ጎርሳ «በቃኝ» አለች።

«አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» አሉ ወይዘሮ አሰፋሽ ሌላ ጉርሻ ጠቅልለው።

«ማሚ፣ እሱ እኮ ስህተት ነው። ብትበሰብሺ አብዛኛው ካርበንሽ አየር ነው የሚሆነው። አፈር ሆኖ የሚቀረው ትንሽ ነው።»

እንግዶቹ ማኘክ አቆሙ። የእናትየው እጅ ግን ከሄራን አፍ ፊት አልተነሳም።

«እሺ፣ አየር ስሆን ጉረሺ።»