የእትዬ ቹሊየን ገድ

ታይናን ከተማ ውስጥ፣ ከድሮው ገበያ አጠገብ ባለው የአክሲዮን ደላሎች አዳራሽ እትዬ ቹሊየንን የማያውቅ የለም። የሚያውቋት ግን በደግ አይደለም። የገዛችው አክሲዮን ይወርዳል፤ የሸጠችው በማግስቱ ይወጣል። አንድም ቀን ስታ አታውቅም። ስለዚህ ጡረተኞቹ ጋዜጣውን ትተው የእሷን እጅ መጠበቅ ያዙ፤ እሷ ስትገዛ ይሸጣሉ፣ ስትሸጥ ይገዛሉ። እኔ ከከሰርኩ ቆይቻለሁ፤ የምሄደው ለአየር ማቀዝቀዣው ነው።

ቹሊየን የማትነካው አንድ አክሲዮን አላት፤ ባሏ ዕድሜውን የፈጀበት የብስክሌት ፋብሪካ። ሰውየው ሲሞት የቀረላት እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት የፋብሪካውን ስም የዋጋ ሰሌዳው ላይ ስታይ ፊቷ ይፈታል።

አንድ ሰኞ፣ አውሮፓ ውስጥ ማናችንም ስሙን መጥራት የማንችለው ባንክ ወደቀ ተባለ። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ፤ እኛ ዘንድ ቀይ የትርፍ፣ አረንጓዴ የኪሳራ ቀለም ነው። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ጋሼ ቲየንፋ ከምሳው ውስጥ አረንጓዴ ነው ብሎ ጎመኑን ሳይቀር ለቅሞ ጣለ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቹሊየን ዞሩ።

«እትዬ፣ ሽጪልን» አላት ቲየንፋ።

«ምኑን? የቀረኝ የብስክሌቱ ብቻ ነው።»

«እሱንማ ነው የምልሽ። አንቺ ከሸጥሽ ገበያው ይነሳል።»

«የባሌን ልሽጥ? ለምን አንተ የሚስትህን ወርቅ አትሸጥም?»

«እኔ ብሸጥ ማን ይሰማኛል? ገዱ ያለው አንቺ ጋ ነው።»

«ዛሬ ገዴ ታየህ። ባለፈው ሳምንት "ገደ ቢስ፣ ከአጠገቤ አትቀመጪ" ስትለኝ አልነበር?»

ከበቧት። አንዱ የዓሣ ሾርባ አመጣ፤ አንዷ ሴትዮ ትከሻዋን አሸችላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቹሊየን ከሰው ጋር በልታ አታውቅም፤ ያሸነፋትም ይኸው ነው። ገበያው ሊዘጋ ሲል ወደ ደላሎቹ መስኮት ሄዳ ሸጠች። ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

በማግስቱ ፈረንጆቹ ባንካቸውን ከውድቀት አነሱት፤ የእኛም ሰሌዳ ቀላ።

«አውሮፓን ያዳነችው እትዬ ናት» አለ ቲየንፋ፣ የምሩን። እንደገና ሾርባ መጣ፤ በግራም በቀኝም ተቀመጡላት። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ትንሽ ቆይታ ተነሳች፤ እስከ መስኮቱ ደርሳ ተመለሰች።

«እኔም ደስ ብሎኝ የባሌን መልሼ ገዛሁት» አለች። «ትንሽ ተወዶብኛል እንጂ።»



«ምን በደልንሽ፣ እትዬ?» አለ ቲየንፋ።

መልሷን አልጠበቀም። ሁሉም ለመሸጥ እየተገፋፉ ወደ መስኮቱ ሮጡ፤ ትከሻዋን ያሸችላት ሴትዮ ከሁሉም ቀድማ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳይ ግን ተውኩት።

ገበያው እስኪዘጋ ድረስ ሰሌዳው ቀይ ነበር፤ ያየው ሰው ግን አልነበረም። ቹሊየን ግራና ቀኟን ቃኘች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ፣ የተያዘ እንዲመስል፣ ከጎኗ ያለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።