የፍሬ የፊደል ገበታ

አዘዞ ውስጥ ከሐረገወይን ጋር አንድ ግድግዳ እንጋራለን። እሷ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ባሏ አስናቀው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቤት ስለምውል የሰፈሩን ጉድ ሁሉ የምሰማው እኔ ነኝ።

ልጃቸው ፍሬ አንደኛ ክፍል ሳትገባ በፊት ቤተ ክርስቲያን የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥራለች። በስንደዶ እየጠቆመች ገበታውን ከላይ እስከ ታች ስትወርደው ዜማዋ ግድግዳዬን አልፎ ይመጣ ነበር። የጨረሰች ቀን እናቷ ዳቦ ደፍታ ለየኔታ ወሰደች፤ ለእኔም ቆረሰችልኝ። «ይቺማ ዶክተር ናት!» ብዬ መረቅኳት።

ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ግን መምህርቷ ትዕግስት እናቷን አስጠራቻት። «ፍሬ አታነብም። ሰሌዳ ላይ ‹በግ› ብዬ ብጽፍላት ዝም ነው። ደግሞ በየደቂቃው ወደ ኋላ እየዞረች ታስቸግረኛለች። ወደ ኬጂ ብትወርድ ይሻላል።»

ሐረገወይን ጦፋ መጣች። «ፊደሉን እንደ ውሃ የጠጣች ልጅ! ሴትዮዋ ጠምዳታለች።» እኔም አብሬ ተሳደብኩ። እቤት የልጆች መጽሐፍ ስትሰጣት ግን ፍሬ ገና ሳትከፍተው አለቀሰች።

ሐረገወይን ግራ ገባት። ዓይኗን አስመረመረቻት፤ ደህና ነው ተባለ። ጆሮዋንም እንዲሁ። የኔታን ብትጠይቅ «ሸጋ ልጅ ናት፤ አንዲት ሳትስት ትወርደዋለች» አሉ። አማቷ ጠበል ውሰጃት አለች። የሥራ ባልደረባዋ ሄለን ደግሞ «ጭንቅላታቸው ጎበዝ ሆኖ ማንበብ የሚያስቸግራቸው ልጆች አሉ፤ ዲስሌክሲያ ይባላል። ይሁን አይሁን ግን የሚያውቅ ሰው ይያት» አለቻት። «ማንን ልመን?» ትለኛለች በሬ ላይ ቆማ። እኔ ምን አውቄ! እኔም ዞረብኝ።

ያልዞረበት አስናቀው ብቻ ነበር። «ልግም ነው። ሙሉውን የምታውቅ ልጅ አንዷን ፊደል እንዴት ታጣታለች? እንፍራንዝ እህቴ ጋ ትሂድ፤ እሷ ቀልድ አታውቅም።» ልጅን ከእናቷ መንጠል እንደ ቀላል! ደሜ ፈላ። ሐረገወይን ግን በመጨረሻ እሺ አለች። ቅዳሜ ጠዋት የፍሬ ቦርሳ ተዘጋጅቶ በር ላይ ተቀመጠ።

ለመንገድ የምትለብሰውን ቀሚስ ላደርስ ስገባ፣ ሐረገወይን ልጇን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ገበታ አጠገብ አቁማ «እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ» ትላታለች። ወረቀት ላይ «በግ» ብላ ጻፈችላት። ፍሬ ወረቀቱን አየች። ከዚያ ወደ ገበታው ዞራ ጣቷን ሀ ላይ አደረገች፤ በሹክሹክታ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለች ወረደች። በ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አይታ «በ» አለች። ለሁለተኛዋ ፊደል እንደገና ወደ ላይ ወጥታ ከሀ ጀመረች።

«ቶሎ በይ እንጂ!» አለ አስናቀው።

«ቆይ» አለችው ሐረገወይን፤ ፊቷ ተለዋውጧል። «ፍሬ፣ ክፍላችሁ ውስጥ ገበታው የት ነው የተሰቀለው?»

«ከኋላ። እትዬ ትዕግስት አትዙሪ ትለኛለች።»

 ልግመኛ ያልናት ልጅ ለካ ለእያንዳንዷ ፊደል ገበታውን ከላይ ጀምራ ትወርዳለች! ዜማውን እንጂ ፊደሏን ብቻዋን ስታገኛት አታውቃትም። ለምን እንዲህ እንደሆነች ዛሬም በውል አናውቅም፤ ሄለን ያለችውም ሊሆን ይችላል። 

አስናቀው ፍሬ አጠገብ በርከክ አለ፤ ቶሎ በይ ማለቱንም ተወ። የፍሬ ጣት ቀስ እያለ ገ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ጎን ሄደ።

«ግ... በግ!» አለች። አልሳቀችም። ዞር ብላ አባቷን አየችው።

«አባዬ፣ አክስቴ ቤት ገበታ አለ?»

አስናቀው ተነሥቶ ቦርሳውን ይዞ መኝታ ቤት ገባ፤ ልብሷን ወደ ቁም ሣጥኑ ሲመልስ ሰማነው።