የባለጆሮው ቀኝ ጆሮ

ጋራዡ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ለሁሉም ባለጆሮው ነው። ሥራው የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሆን፣ በተለይ ዕድሜ የጠገበ መኪና መስታወቱ አልወርድም አልወጣም ሲል ሰው ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚሮጠው። ሌላው ሠራተኛ ካቻቢቴውን መዞ የበሩን ሽፋን ሲገነጣጥል፣ እሱ አንድ ብሎን ሳይነካ ቀኝ ጆሮውን በሩ ላይ ይለጥፍና፣ "እስቲ ማብሪያውን ይጫኑ" ይላል። ጭጭ ካለ ወይ ኤሌክትሪኩ አልደረሰም፣ ወይ ሞተሩ ሞቷል። ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ሞተሩ ተይዟል። ሞተሩ እያጉረመረመ መስታወቱ ካልተነቃነቀ ደግሞ የሚጎትተው ካቦ ተበጥሷል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲፈርድ ኖሮ ፍርዱ ተሽሮበት አያውቅም። በዚህም ትንሽ ይኮራ ነበር፤ ትንሽ ያልኩት ለይሉኝታ ነው።

ምን ያደርጋል፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ያ ቀኝ ጆሮ ከዳው። ጥጥ የተወተፈበት ይመስል ድምፅ አላስገባ አለ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ግራው ደህና ነበር፤ ግን ሠላሳ ዓመት ቀኙን ሲለጥፍ የኖረ ሰው ድንገት ግራውን ቢለጥፍ ጋራዡ በሙሉ ምን ሆንክ ሊለው ነው። ባለጆሮው ጆሮ ከሌለው ማን መኪናውን ያመጣለታል? ይህ ሐሳብ ውስጥ ውስጡን ሲበላው ከረመ።

አንድ ጠዋት ጡረታ የወጡ አዋላጅ መኪናቸውን እያንገጫገጩ ገቡ። መኪናዋ ካዋለዷቸው ልጆች አብዛኞቹን በዕድሜ ትበልጣለች። የሾፌሩ በር መስታወት መሀል ላይ ቆሞ ቀርቷል። ባለጆሮው እንደ ልማዱ ጆሮውን ለጠፈ፤ እሳቸው ተጫኑ። ጭጭ። ፊውዙን አየ፣ ደህና ነው። ማብሪያውን በመፈተሻ አምፖሉ ሞከረ፣ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

"ሲስተር፣ ሞተሩ ሞቷል። ሌላ መግዛት ነው" አለ ቀና ብሎ።

"እንዴት አድርጎ ነው የሞተው? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሲያጉረመርም እየሰማሁት!"

አጠገባቸው ጎማ የሚፈታው ሰውዬ ሥራውን አቆመ። ባለጆሮው ፊቱ ጋለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አዋላጇ ግን የደነገጠ ፊት ብዙ አይተዋል። ከመኪናው ወረዱና የእጁን አንጓ ይዘው መዳፉን በሩ ላይ አሳረፉለት፤ ሌላ እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው ማብሪያውን ተጫኑ።

"ልጄ፣ እኔም የእናቶችን ሆድ ከመስማቴ በፊት በእጄ ነበር የማየው። እስቲ ቀስ በል።"

ብረቱ ከመዳፉ ሥር ተንቀጠቀጠ።

"ካቦው ነው!" ብሎ ጮኸ፣ ወንድ ልጅ ተወለደልህ የተባለ ያህል።

ሽፋኑን ሲከፍተው በእርግጥም ካቦው ተበጥሶ እንደተወሳሰበ ክር ተጠቅልሏል። በአዲስ ቀየረው፣ መሄጃውን ጠርጎ ግራሶ ቀባው፤ መስታወቱም ሽቅብ ቁልቁል ተመላለሰ።

አዋላጇ ሊሄዱ ሲሉ በግራ በኩል ጠጋ አሉት። "ጆሮህን ሐኪም አሳይ። ለመሆኑ ሚስትህ ታውቃለች?"

"ኧረ በጭራሽ! ማንም አያውቅም።"

"እንዲያ ነው?" አሉና ፈገግ እንዳሉ መስታወታቸውን ዘግተው ሄዱ።

ሚስቱ ሱቋ ከጋራዡ ማዶ ስለሆነ ምሳ የሚበሉት አብረው ነው። እንደ ወትሮዋ ሳህን ይዛ መጣች፣ አግዳሚው ላይ በግራው ተቀመጠችና ስለ ጎረቤት ጠብ ማውራት ጀመረች። እሱ ምን እንደነካው እንጃ፣ ብድግ ብሎ በሌላ ጎኗ ተቀመጠ። እሷም ወሬዋን ሳታቋርጥ ሳህኑን ይዛ ተነሣች፣ ዞረችና እንደገና በግራው ተቀመጠች።

ባለጆሮው ማላመጡን ተወ።

"አንቺ፣ ሁልጊዜ በዚህ በኩል መቀመጥ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ካለፈው ዓመት። እስክትነግረኝ ዝም ልበል ብዬ ነው። አሁን ብላ፣ ቀዘቀዘ እኮ።"

በላ፤ እየበላም ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን ይስቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሌላ አሮጌ መኪና መስታወቱ ተንጋዶ ገባ። ባለጆሮው ጎማ ፈቺው እያየው መዳፉን በሩ ላይ ዘረጋና፣ "እስቲ ይጫኑ" አለ።