ከእጅ የቀደመ ሳቅ

ልጅ ሳለሁ፣ ሶዶ ከተማ ዳር በነበረው ቤታችን፣ ታናሽ ወንድሜ ጳውሎስ ምድጃው አጠገብ ከተኛ ሁለተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ ከወገቡ በታች ደነዘዘ። ኦቶና ሆስፒታል ያየው ሐኪም ለአባቴ «እግሩ ላይ ስሜት ከተመለሰ ተስፋ አለ» ማለቱን ሰምቼ፣ ያኔ ያቺን «ከተመለሰ» የምትል ቃል ይዤ እውልና ይዣት አድር ነበር።

ሲመሽ አያታችን ይመጡና፣ ቦይናው፣ ጎደሬው ማለቴ ነው፣ ፍሙ ላይ ሲንተከተክ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው ተረት ይነግሩናል። አንድ ምሽት የጅቡን ነገሩን። ጅብ መሳቅ አማረውና ብብቱን በገዛ እጁ ቢኮረኩር፣ ቢኮረኩር፣ ወይ ፍንክች! ጦጣን ለመናት። እሷ ገና ጣቷን ስታንቀሳቅስ ጅቡ በሳቅ ተንከባለለ።

እኔ ተረቱን እንደ መድኃኒት ማዘዣ ወሰድኩት። ጳውሎስ እግሩን ሲነካካ የማይሰማው ለካ የገዛ እጁ ስለሆነ ነው! ሐኪሙም ቢሆን በመርፌ ወጋው እንጂ መች ኮረኮረው?

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ እግሩ ሥር ተቀምጬ ጣቶቼን አነሳሁ።

«መጣሁልህ!»

«ተዪኝ፣ አንቺ ጦጣ!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ።

«እግሩ ተሰማው!» እያልኩ ጮኼ ወጣሁ። እናቴ የምትፍቀውን እንሰት ጥላ ሮጠች፤ ደጃፉ ላይ ተንበርክካ «ጌታ ሆይ!» እያለች አለቀሰች። እኔ ደግሞ ልቧ ይሙላ ብዬ፣ «ዓይንህን ጨፍን» አልኩት። ጨፈነ። ውስጥ እግሩን ከተረከዙ እስከ ጣቶቹ ኮረኮርኩት፤ ደግሜ፣ አጥብቄ፣ በጥፍሬ። ጳውሎስ ሳቁን አፉ ላይ አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

«ጀምሪ እንጂ» አለኝ።

ዛሬ ስለ አንጎል የተጻፈ ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም። አንጎል የገዛ እጃችን ምን ሊያደርግ እንደሆነ ቀድሞ ስለሚያውቅ ስሜቱን ያበርደዋል፤ የሌላ ሰው እጅ ሲመጣ ግን ገና ሳይነካን ሊያስቀን ይችላል። ጳውሎስን ያሳቀው ዓይኑ እንጂ እግሩ አልነበረም። ይህን ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ላልጠየቀኝም ጭምር፣ ማስረዳት እወዳለሁ። ያኔ ግን እናቴ ከደጃፉ እያየችኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ለሚጠብቀኝ ልጅ ጀምሬ መጨረሴን በምን አፌ እንደምነግረው አላወቅኩም። አሁንም አላውቅም።